ቆሞ የሚያረጅ ዕቃ፦ ያገለገለ የሞተር ብስክሌት ተጎታች እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ነው። ከመኪና ኋላ እየተጎተተ ሞተር ብስክሌት የሚያጓጉዝ ተጎታች ግን ይህን የሚናገር ቆጣሪ የለውም። ሞተር የለውም፤ ሲታመም የሚበራ ቀይ መብራትም የለውም። ሻጩ «ብዙም አልተሠራበትም» ቢል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ስህተቱ ገዢው ይህን እንደ ምሥራች መስማቱ ነው። እንዲህ ያለ ተጎታች በዓመት ጥቂት ቀን ሠርቶ ቀሪውን ጊዜ ደጅ ቆሞ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይከርማል። ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ይሰነጠቃል፤ ግራሶው ይደርቃል፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም አንድ ቦታ ላይ እንዳረፈ ዝገት ይነክሰዋል። ስለዚህ የገዢው ሥራ ምን ያህል እንደ ሮጠ መጠየቅ ሳይሆን እንዴት እንደ ቆመ መመርመር ነው።

ዕቃውን ከማየት በፊት

ሦስት ክብደቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የተጎታቹ ባዶ ክብደት ነው። ሁለተኛው አምራቹ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ሲሆን ተጎታቹን ራሱን፣ ሞተር ብስክሌቱን፣ መወጣጫውንና ማሰሪያውን ሁሉ ያካትታል። ሦስተኛው መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት ክብደት ነው። የመጫን አቅም የሚባለው ከሁለተኛው ላይ አንደኛው ሲቀነስ የሚተርፈው ነው፤ ሻጮች ግን ጠቅላላውን ክብደት የመጫን አቅም አድርገው ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው። አምራቹ በለጠፈው ሰሌዳ ላይ 500 ኪሎ ግራም ተጽፎ ተጎታቹ ባዶውን 190 ቢመዝን የሚጫነው 310 ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 110 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሁለት ቀላል የአፈር መንገድ ሞተር ብስክሌቶች ከነማሰሪያቸው ይበቃቸዋል። ለረጅም ጉዞ የተሠራ ከባድ ሞተር ብስክሌት ግን ብቻውን ከ350 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ስለሚችል በዚህ ተጎታች ላይ ቦታ የለውም።

የመኪናው አቅም የሚታወቀው ከመመሪያ መጽሐፉ እንጂ ከሞተሩ ጉልበት ተገምቶ አይደለም። ዳገት የሚወጣ ሞተር ሁሉ ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ፍሬን አለው ማለት አይቻልም። የተጎታቹ የራሱ ፍሬን ጉዳይም ከዚህ ጋር ይነሣል። በአውሮፓ ጠቅላላ ክብደታቸው እስከ 750 ኪሎ ግራም የሆኑ ተጎታቾች ያለ ፍሬን ሊሠሩ ይችላሉ፤ በሌላ አገር ልኩ ይለያያል። ሕጉ የፈቀደውን ሁሉ መኪናው ይችለዋል ማለት ስላልሆነ፣ ከሁለቱ ጠበቅ ባለው መሄድ ነው።

በአሠራር በኩል በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ጎማው የሚገባበት ቦይ ብቻ ያለው ባለ ሐዲድ ተጎታችና ሙሉ ወለል ያለው ጠፍጣፋ ተጎታች። ሐዲዱ ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ የሚያወጣ ሰው ሚዛኑ ቢዛነፍ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝም፤ የኋላ ጎማቸው ሰፊ የሆኑ ሞተር ብስክሌቶችም ቦዩ ውስጥ አይገቡም። ወለል ያለውን መምረጥ ለአብዛኛው ሰው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሞተር ብስክሌት ይለወጣል፣ ተጎታች ግን ብዙ ዓመት አብሮ ይኖራል። ዙሪያው የተዘጋ ሣጥን መሰል ዓይነትም አለ፤ ከዝናብና ከሌባ ይከልላል፣ በምትኩ ነፋስ ይይዛል፣ ይከብዳልም።

ከሥሩ መግባት

ለማየት ሲሄዱ ክሪክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና ጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ይያዙ። ከተቻለ ተጎታቹን የሚጎትተውን መኪና ራሱን ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ ሰነዱን ይመልከቱ፤ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር፣ በሰሌዳው ላይ ያለውና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። ሰሌዳው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ከቀረ ወይም የቁጥሩ ቦታ ተሞርዶ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። በእጅ የተሠሩ ተጎታቾች ሁሉ መጥፎ አይደሉም፤ አንዳንዱ ከፋብሪካው የበለጠ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የሚሸከመውን ክብደት የሚያረጋግጥ ሰሌዳ የሌለውን ተጎታች በስም ማዛወርና ማስመርመር ራሱን የቻለ ጣጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ከሥሩ ነው። ላይ ላዩን ያለ ቡናማ ዝገት አያስፈራም፤ በብሩሽ ይነሣል፣ ይቀባል። የሚያስፈራው እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚወርደው ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የማይታየው ነው፦ ሻንሲው አራት ማዕዘን ቧንቧ ከሆነ ውኃ ውስጡ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። የቧንቧውን የታችኛውን ገጽ በጠመንጃ መፍቻው እጀታ መታ መታ እያደረጉ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ጠርቶ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ይሰረጎዳል። ለሽያጭ ሲባል ሰሞኑን የተቀባ ጥቁር ቀለም ሲያዩ እዚያው ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ቀለም ዝገትንም የተሰነጠቀ ብየዳንም ይሸፍናል።

ስንጥቅ የሚፈለግበት ቦታ የታወቀ ነው። አንዱ የተጎታቹ የፊት ዘንግ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት ብየዳ ነው። ከቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ የዝገት መስመር ከታየ ከሥሩ ስንጥቅ አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሻንሲው በዚንክ የተነከረ ከሆነ፣ ሽፋኑን አቃጥሎ የተበየደ ቦታ ከኋላ የመጣ ጥገና ነውና ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቁ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ባይዝግም ከመወዝወዝ ብዛት ይሰነጠቃል፤ የብረት ብሎን በሚነካበት ቦታም ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል።

አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች የሚሸከመው ዘንግ፣ ቀጥ ያለ መሆኑን በሜትር ማወቅ ይቻላል። ከመጎተቻው መሃል ተነሥተው እስከ ቀኝ ጎማው መሃል፣ ከዚያም እስከ ግራው መሃል ይለኩ። ሁለቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ አክስሉ ተጣሟል ወይም ከቦታው ተንሸራቷል። ባሌስትራ በሌለው ተጎታች ላይ መንቀጥቀጡን የሚውጠው በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ያለ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ይሞታል፣ ጎማውም ወደ መከላከያው ላሜራ ተጠግቶ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው አክስሉን ሙሉ በሙሉ መቀየር ስለሆነ ወጪው ቀላል አይደለም።

ወለሉ እንጨት ከሆነ በጠመንጃ መፍቻው ጫፍ ይውጉት፤ ጫፉ ገብቶ ከቀረ በስብሷል። ይህ ግን በቀላሉ የሚተካ ነገር ስለሆነ ግዢውን አያስተውም፣ ዋጋውን እንጂ።

ጎማ፦ ጥርሱን ሳይሆን ልደቱን

የተጎታች ጎማ የሚሞተው በዕድሜው ነው። በጎኑ ላይ ከሚገኘው ረጅም መለያ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ይፈልጉ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህ ቁጥር አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም በውስጥ በኩል ሊሆን ይችላል፤ ተጎንብሶ ማየት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም በዋጋው ሂሳብ ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል። በጎኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩ ደግሞ ወደ ቤት ለሚወሰድበት ጉዞ እንኳ አይታመንም።

አበላሉም ታሪክ ይናገራል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ ከልክ በላይ ነበር፤ ሁለቱ ዳር ካለቁ አንሶ ነበር ወይም ከባድ ጭነት ተጭኖበት ነበር። አንደኛው ዳር ብቻ ካለቀ ግን ወደ አክስሉ ተመልሶ መለካት ያስፈልጋል። ለተጎታች ተብለው የሚሠሩ ጎማዎች ጎናቸው ጠንካራ ሲሆን ነፋሳቸው ከመኪና ጎማ ከፍ ያለ ነው። የፍጥነት ገደብም አላቸው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ዓይነቶች ከ105 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም። ትርፍ ጎማ ካለ ያንኑ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋል፤ ከሁሉም ያረጀው እሱ ሆኖ መገኘቱ አያስገርምም።

ኩሽኔታው

ብዙ ተጎታቾች መንገድ ላይ የሚቀሩት በጎማ ወይም በኩሽኔታ ምክንያት ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ኩሽኔታው ሳይታይ የሚከፋ ነው። ምክንያቱ የጎማው ትንሽነት ነው። ባለ 8 ኢንች ቸርኬ የሆነ የተጎታች ጎማ ከፍታው (ዲያሜትሩ) 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ ከ1,100 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የመኪናው ጎማ በዚያው ፍጥነት 750 ጊዜ ገደማ ነው። ትንሹ ኩሽኔታ ከትልቁ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሠራል ማለት ነው፤ ያውም ለወራት ቆሞ ከከረመ በኋላ በአንድ ቀን ረጅም መንገድ እንዲሄድ እየተጠየቀ።

ሲገዙ ፈተናው ቀላል ነው። በክሪክ አንዱን ጎማ ያንሡ፤ ከላይና ከታች ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ይግፉም። በጣም ትንሽ የመላወስ ስሜት ጤነኛ ነው፤ ኳ የሚል ድምፅ ግን አይደለም። ከዚያ ጎማውን ያሽከርክሩና ጆሮዎን ወደ አክስሉ ያስጠጉ። ዝም ካለ ጥሩ፤ አሸዋ እንደ ገባበት ካንኮሻኮሸ ወይም እየያዘ ከለቀቀ ኩሽኔታው አልቋል። በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ የተረጨ ግራሶ ካለ ግራሶውን የሚያግደው የጎሚኒ ቀለበት ተቀዷል። ይህ ሁሉ በአነስተኛ ወጪ የሚጠገን ነው፤ በቸልታ ሲታለፍ ግን ኩሽኔታው ተቃጥሎ የአክስሉን ጫፍ ይበላል፣ ጎማውም ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል።

ከገዙ በኋላ ሻጩ ምንም ቢል፣ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱንም ጎማዎች አውርዶ ኩሽኔታዎቹን ማጠብና በአዲስ ግራሶ መሙላት ይሁን። ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ ይደገማል። አብዛኛውን ጊዜ በየጎማው ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፣ አንዱ በውጭ አንዱ በውስጥ። ክዳኑና መቆለፊያ ሽቦው፣ ማለትም ኮፒሊያው፣ ከወጡ በኋላ ዳዶው ይፈታል። የወጣው ግራሶ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቷል። ታጥበው የደረቁት፣ በኩሽኔታው ውስጥ የሚሽከረከሩት ሲሊንደሮች ላይ ጉድጓድ፣ ጭረት ወይም ከሙቀት የመጣ ሰማያዊ መልክ ከታየ፣ ኩሽኔታው ከነሚቀመጥበት የብረት ቀለበት ይቀየራል፤ አዲሱን በአሮጌው ቀለበት ላይ ማስቀመጥ ገንዘብን መጣል ነው። ግራሶ ሲሞላ ላዩን መቀባት አይበቃም፤ ከሰፊው ጎን በኩል እየተጫነ በሲሊንደሮቹ መካከል በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ መግባት አለበት። የጎሚኒው ቀለበት በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ይሁን። የተለያየ ዓይነት ግራሶ መቀላቀል ሁለቱንም ሊያቀጥናቸው ስለሚችል አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይጠረግ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳዶውን ሲያጠብቅ ነው። ሌላው ብሎን ሁሉ በጠበቀ መጠን ይሻላል፤ ይኸኛው ግን ከጠበቀ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። ጎማውን እያሽከረከሩ እስኪከብድ ድረስ ያጥብቁ፣ መልሰው ይፍቱት፣ ከዚያ በጣት ብቻ አጥብቀው ኮፒሊያውን ያስገቡ። አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡ፤ ታጥፎ የተቃናው ይሰበራል።

በክዳኑ ላይ የግራሶ ማስገቢያ ጡት ያላቸው ተጎታቾች ይህን ሥራ የሚያስቀሩ ይመስላሉ፤ አያስቀሩም። ከመጠን በላይ የተገፋ ግራሶ የኋላውን ጎሚኒ ገፍቶ ይወጣል፤ ፍሬን ካለውም ፍሬኑን ይቀባዋል። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ሲታጠቡ ደግሞ ቱቦውን ወደ ጎማው መሃል አለማነጣጠር ነው፤ በተለይ ከመንገድ እንደ ተመለሱ ገና ሞቃት እያለ።

መጎተቻውና መብራቱ

በመኪናው ኋላ ያሉት፣ የተጎታቹ አፍ የሚቆለፍባቸው የመጎተቻ ኳሶች መጠን አንድ አይደለም። በአውሮፓ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰሜን አሜሪካ 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ሚሊ ሜትር ይገኛሉ። አደገኛው ስህተት የሚቀራረቡትን ማምታታት ነው፦ ለ50.8 የተሠራ አፍ በ47.6 ኳስ ላይ ይቀመጣል፣ የተቆለፈም ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ግን ሊዘል ይችላል። ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ ከቆለፉ በኋላ የተጎታቹን አፍንጫ በክሪክ ከፍ ያድርጉት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከሥር ተሻግረው ይታሰራሉ፤ አፉ ቢወልቅ ተሻግረው የታሰሩት ይቀበሉታል፣ አስፋልቱን አያርስም።

መብራት ሲያስቸግር አምፖል ከመቀየር በፊት የማሳውን ሽቦ መመልከት ይቀድማል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው የሚመለስበት ሽቦ ማለት ነው። ፍሬቻው ሲበራ የፍሬኑ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ሁሉም ከደበዘዙ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ከሻንሲው ጋር የተያያዘበት የዛገ ብሎን ነው። ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ መፋቅና መልሶ ማሰር ይበቃል። መሰኪያውም የተለያየ ዓይነት ስለሆነ፣ ባለ 4፣ ባለ 7 ወይም ባለ 13 እግር መሆኑን ከመኪናው ጋር ያመሳክሩ።

ጭነቱ የት ላይ ይረፍ?

ጤነኛ ተጎታች በመጥፎ ጭነት ይገለበጣል። ዋናው ነገር በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከልክ በላይ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይዋልላል፤ ከበዛ የመኪናውን ኋላ ደፍቶ ፊቱን ያቀልለዋል፣ መሪውም ይሰንፋል። በሰሜን አሜሪካ የሚሰጠው ምክር ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። በአውሮፓ ያነሰ ድርሻ ይሠራበታል። የትም ቢሆን በመኪናው መጎተቻ ላይ የተጻፈው ልክ አይታለፍም።

በምሳሌ እንየው። ተጎታቹ ባዶውን 180 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 20ው ኳሱ ላይ ያርፋል። ከኳሱ እስከ አክስሉ 2.5 ሜትር ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት ሲጫን ጠቅላላው 430 ይሆናልና 10 በመቶው 43 ነው። ሞተር ብስክሌቱ ወደ ፊት በተገፋ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ኳሱ ላይ 10 ኪሎ ግራም ይጨመራል። የሞተር ብስክሌቱ የክብደት መሃል ከአክስሉ 23 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሆን የሚፈለገው 43 ይገኛል። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢሳብ ኳሱ ላይ የሚቀረው 13 ኪሎ ግራም ነው፣ ማለትም 3 በመቶ። ይህ ትንሽ የሚመስል ርቀት መዋለልን ሊያመጣ ይችላል። የፊት ጎማ መያዣው በብሎን የታሰረ ከሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዛወር ይቻላልና፣ ሲገዙ ይህንን መመልከት ብልህነት ነው። ልኩን ለማወቅ የሰው መመዘኛ ሚዛን ይበቃል፦ ተጎታቹን ጭነው አፍንጫውን በሚጎተትበት ከፍታ ላይ በሚዛኑ ላይ ያሳርፉት።

መንገድ ላይ መዋለል ከጀመረ እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሣትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ፍሬን አጥብቆ መርገጥም ሆነ ፈጥኖ ለማምለጥ መሞከር ያባብሰዋል።

ለማሰር አራት ቀበቶዎች ያስፈልጋሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ከመሪው ሥር ካለው ጠንካራ ብረት ወደ ፊትና ወደ ጎን ዝቅ ብለው ይሳባሉ። የፊት አሞርዛተሩ ግማሽ ያህል ይውረድ፤ እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ ጎሚኒዎቹ ይጎዳሉ፣ ካልተጨመቀ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ሲወርድ ቀበቶው ላልቶ መንጠቆው ይወልቃል። የኋለኞቹ ሥራ ኋላው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነው። ሞተር ብስክሌቱ በጎን መቆሚያው ላይ አይቁም። በቀበቶው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ የሚበጠስበት ኃይል ነው፤ መፈለግ ያለበት ግን የሚሠራበት ልክ ነው፣ እሱም በጣም ያንሳል። ፀሐይ ያነጣውን ቀበቶ መጣል ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄዱ ቆመው ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ የጎማዎቹንም መሃል በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ኩሽኔታው እየተቃጠለ ነው። ጎማ አውርደው መልሰው ያሰሩ እንደሆነ ደግሞ ቸርኬውን የሚያስሩትን ዳዶዎች (የኩሽኔታውን ዳዶ ሳይሆን) ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ማጥበቅ አይረሳ።

ሲቀመጥ

ተጎታቹን ለወራት የሚያቆሙ ከሆነ ሻንሲውን በድጋፍ ላይ አንሥተው ክብደቱን ከጎማዎቹ ያውርዱ፤ ጎማዎቹንም ከፀሐይ ይሸፍኗቸው። ወለሉና ቧንቧዎቹ ውኃ እንዳይቋጥሩ የፊቱን አፍንጫ ትንሽ ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። መሰኪያው አፉን ወደ ታች አድርጎ ይንጠልጠል። የኳሱ አፍ ውስጥና መቆለፊያው ላይ ስስ ግራሶ ይቀቡ። ቆሞ እያለ በየወሩ ገደማ ጎማዎቹን በእጅ ጥቂት ዙር ማሽከርከር ኩሽኔታው በአንድ ነጥብ ላይ እንዳይዝግ ይረዳል። ከቆይታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የጎማውን ነፋስ ከመንቀሳቀስ በፊት፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ እያለ መለካት ነው፤ ከሞቀ በኋላ የሚነበበው ቁጥር ከፍ ስለሚል የጎደለውን ይደብቃል።